አያ ከርከሮና የተኛው ጤፍ

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ብትሆኑ ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ይህን የነገሩኝ አያቴ ናቸው፤ ለእሳቸው ማን እንደ ነገራቸው ግን አልጠየቅኋቸውም።

በድሮ ዘመን፣ አራዊት እንደ ሰው አርሰው እንደ ሰው አጭደው በሚበሉበት ጊዜ፣ በአንድ አገር አያ ከርከሮ የሚባል ገበሬ ነበር። ጉልበቱ ብርቱ፣ ምላሱ ፈጣን፣ ሆዱ ግን በቃኝ የማያውቅ ነው። ሚስቱ እመት ከርከሪት ትባላለች። ሰባት ልጆች አሏቸው፤ ሰባቱም ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ራበን!» ነው።

ቢርባቸው አይፈረድባቸውም። የዚያ አገር መሬት ደክሞ ነበር። ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲታረስ፣ ሲዘራ፣ ሲታጨድ ኖሯል፤ ሁሉም ከእሱ በላ እንጂ እሱን ያበላው አልነበረም። ጤፉ ገና በነሐሴ ቢጫ ይሆናል፣ ቁመቱ ከዶሮ ጭን አያልፍም፣ ሲወቃም ከፍሬው አቧራው ይበልጣል።

ከመንደሩ ዳር እመት አህዪት የምትባል ባልቴት ነበረች። ብዙ አትናገርም፤ ብዙ ግን ታያለች። በጋውን ስትተኛበትና ስትንከባለልበት የከረመችው ቦታ ላይ ክረምት ሲገባ የሚበቅለው ገብስ ከሌላው ሁሉ የጠቆረ፣ የወፈረ፣ ዛላው የከበደ መሆኑን አየች። አንድ ዓመት አየች፣ ሁለት ዓመት አየች፣ በሦስተኛው ዓመት ጎረቤቶቿን ጠራቻቸው።

«ስሙኝማ፣ መሬት ይርባታል» አለቻቸው። «የበረት ፍግ፣ የምድጃ አመድ፣ የረገፈ ቅጠል እናዋጣ። ጉድጓድ ቆፍረን እንክተተውና አፈር እናልብሰው። ትኩስ ፍግ ዘር ያቃጥላል፤ በስብሶ፣ ቀዝቅዞ፣ አፈር አፈር ሲሸት ግን የመሬት ምግብ ይሆናል።»

አያ ጃርት ሳቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ ፍግ እንዳልረግጥ ስዘል ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ተሸከመው ትይኛለሽ?»

እመት ጦጢትም ሳቀች፣ አያ ሚዳቋም ሳቀ። ነገር ግን ረሃብ ከሳቅ ይበልጣልና በጋውን ሙሉ አዋጡ። ጦጢት ቅጠሉን፣ ሚዳቋ ፍጉን፣ ጃርት አመዱን አመጡ። አያ ከርከሮ አንድ እንቅብ ቅጠል ብቻ ይዞ መጣ፤ ከቅጠሉ በታች ደግሞ ድንጋይ ነበረበት። እመት አህዪት ድንጋዩን አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ዳር ጣለችው።

ግንቦት ሲመጣ የመንደሩ ሽማግሌ አባ ዔሊ ሁሉንም ሰበሰቡ። አባ ዔሊ ልጅ አልነበራቸውም። ከምንጩ ዳር ግን በአገሩ አቻ የሌላት ለምለም መሬት ነበረቻቸው።

«ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ሞፈር ለመጨበጥ አቅም የለኝም» አሉ። «መሬቴን ለሚያውቅባት ሰው ላውርሳት እፈልጋለሁ። በኅዳር ከማሳችሁ መሃል አንድ አንድ ነዶ ጤፍ አጭዳችሁ ኑ። የሁሉም ነዶ በዚህች ገመድ ልክ ይታሰር። ነዶው ተወቅቶ ብዙ ፍሬ የወጣለት፣ የምንጩ ዳር መሬት የእሱ ነው።»

የአያ ከርከሮ ልብ ዘለለች። ያቺን መሬት ስንት ጊዜ በአጥር ቀዳዳ ሲያያት ኖሯል! እዚያ ቢያርስ ሰባቱ ልጆቹ ጠግበው፣ እሱም በመንደሩ ፊት ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ታየው።

በማግስቱ ጉድጓዱ ተከፈተ። ፍጉ በስብሶ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ሽታው እንደ ዝናብ አፈር ሆኖ ወጣ። እመት አህዪት ለአራቱ ገበሬዎች አሥር አሥር እንቅብ እየሰፈረች በየማሳቸው ዳር አስቆለለችላቸው።

«ለአንድ ማሳ አሥር እንቅብ» አለች። «አትቀንሱ፣ አትጨምሩ። እህል እንደ ሰው ነው፤ ሲርበው ይከሳል፣ ሲጠግብ ያፈራል፣ ሲበዛበት ይተኛል።»

«ለእኔ ሃያ አድርጊልኝ» አለ አያ ከርከሮ።

«ለምን?»

«ጥቂቱ ከጠቀመ፣ ብዙው ምን ሊያደርግ!»

«ይተኛብሃላ» አለችው እመት አህዪት፤ ባዶ እንቅቧንም አንጠልጥላ ሄደች።

እመት ከርከሪት ባሏን ጠጋ አለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ከአሥሩ አንዱን ለእኔ ስጠኝ። ከቤቱ ጓሮ ያለችዋን ቁራሽ መሬት ጤፍ ልዝራባት።»

«አንድ እንቅብ ምን ታደርግልሻለች? ውሰጃት» አላት። አፉ ከእሷ ጋር ነበር፤ ዓይኑ ግን በጎረቤት ማሳ ዳር በተቆለለው ፍግ ላይ ነበር።

በሳምንቱ የአያ ሚዳቋ ልጅ ሰርግ ሆነ። መንደሩ በሙሉ ታጥቦና ተቀባብቶ ተነሳ። አያ ከርከሮ ሆዱን ይዞ ከመደብ ላይ ወደቀ።

«ምነው?» አለች ሚስቱ።

«ሆዴን ቆረጠኝ። እናንተ ሂዱ፤ ለሙሽሮቹ መልካም ጋብቻ በሉልኝ።»

እመት ከርከሪት ሰባቱን ልጆች ነድታ ወጣች። የከበሮው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ አያ ከርከሮ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ተነሳ። ወደ ጦጢት ማሳ ሮጠ። ከአሥሩ እንቅብ ስምንቱን ወሰደ። ከዚያም ከረግረጉ ጥቁር ጭቃ ዝቆ በቦታው ቆለለና የቀረውን ሁለት እንቅብ ፍግ እንደ ጋቢ ከላይ አለበሰው። ጎንበስ ብሎ አየው፤ ቆሞ አየው፤ ከሩቅ ሆኖ አየው። ለራሱም ፍግ መሰለው።

ወደ ሚዳቋ ማሳ ሮጠ፤ ስምንት ወሰደ፣ ጭቃ ቆለለ፣ ፍግ አለበሰ። ወደ ጃርት ማሳ ሮጠ፤ ስምንት ወሰደ፣ ጭቃ ቆለለ፣ ፍግ አለበሰ። ወገቡ ሊሰበር ደረሰ። ሆዴን ቆረጠኝ ያለው ውሸት፣ ወደ ማታ ላይ እውነት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቢሆንም የቀረውን የራሱን ዘጠኝ እንቅብና የጎረቤት ሃያ አራት እንቅብ አንድ ላይ በማሳው ላይ በትኖ፣ በአንድ ዙር እርሻ ገልብጦ አፈር አለበሰው።

እመት ከርከሪት ከሰርጉ የቋጠረችለትን ዳቦ ይዛ ስትመለስ መደብ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። አሸተተችው።

«እንደ በሽተኛ አትሸትም» አለችው። «እንደ በረት ነው የምትሸተው።»

«ለሆድ ቁርጠት ፍግ ቀቡ ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«ተሻለህ ታዲያ?»

«በጣም!» አለና ዳቦውን በሁለት ጉርሻ ጨረሰው።

የመበተኛው ቀን ደረሰ። አያ ጃርት ክምሩን በመንሽ ሲወጋ አንዲት እንቁራሪት ዘላ አፍንጫው ላይ ወጣች።

«እመት አህዪት!» ሲል ጮኸ። «ማዳበሪያሽ እንቁራሪት ይወልዳል እንዴ?»

እመት አህዪት መጣች፤ አሸተተች፤ ግራ ተጋባች። «ይህ የእኔ ጉድጓድ ሽታ አይደለም» አለች።

አያ ከርከሮ ከአጥሩ ማዶ ፈጠን ብሎ፣ «እንቁራሪት እኮ የዝናብ አብሳሪ ናት፤ ዘንድሮ ጥጋብ ነው ማለት ነው!» አለ። አያ ጃርትም ባለማወቅ አመሰገነው። ጭቃውን በተነ፣ ጦጢትም በተነች፣ ሚዳቋም በተነ።

ዝናቡ ጣለ፤ ጤፉ ተዘራ። ልጆቼ፣ የአያ ከርከሮን ጤፍ ባያችሁት! በሳምንት መሬቱን አለበሰው። በወሩ ጉልበት ደረሰ። በመስከረም ከራሱ ከአያ ከርከሮ ጆሮ በላይ ሆነ። ከመጥቆሩ የተነሳ አረንጓዴው ሰማያዊ ይመስላል። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያል። «ይህ ጤፍ ነው ወይስ ሸንበቆ?» ይላል። አያ ከርከሮም ከማሳው ዳር ተቀምጦ፣ «እጄ የተባረከ ነው» እያለ ይመልሳል።

ከዚያም ወደ ምንጩ ዳር ወርዶ የአባ ዔሊን መሬት በእርምጃ ለካ። የጎተራ ቦታ መረጠ። ለጎተራው አራት የምሰሶ ጉድጓድ ቆፈረ። አባ ዔሊ ከጥላ ሥር ሆነው ያዩታል።

«ምን እየቆፈርክ ነው ልጄ?»

«ለነገው ነው አባ፤ ጊዜ ላለማባከን።»

«ኅዳር ገና ነው እኮ» አሉት አባ ዔሊ፤ አንገታቸውንም ወደ ድንጋይ ልብሳቸው መለሱ።

የሌሎቹ ጤፍ ቆሟል፤ ግን ስስ ነው፣ ገርጥቷል። አንድ ቀን አያ ጃርት በማሳው መሃል ቆሞ አያ ከርከሮ ደረሰበትና «ማሳህ እንዴት ነው?» አለው።

«ደግ አይደለም ወዳጄ» አለ አያ ጃርት። «ፍግም ሰጠሁት፣ አረምም ነቀልኩለት። ዘንድሮም ለልጆቼ ጎመን ቀቅዬ ላከርማቸው ነው። ያንተ እንዴት እንዲህ ሆነ? እባክህ ንገረኝ፤ ሙያ አይሰወርም።»

አያ ከርከሮ የጃርትን ዓይን ማየት አቃተው። «የምሳ ሰዓት ደርሷል» አለና ወደ ቤቱ ሄደ።

እመት አህዪትም ልታይ መጣች። አንድ አገዳ በከንፈሯ ይዛ ቀስ ብላ ጨመቀችው። ውሃ ጠብ አለ።

«ቁመት አለው፤ አጥንት የለውም» አለች። «አያ ከርከሮ፣ ይህ ጤፍ ስንት እንቅብ ነው የበላው?»

«የሰጠሽኝን ነዋ!»

«እህል እንደ ሰው ነው፤ ሲርበው ይከሳል፣ ሲጠግብ ያፈራል፣ ሲበዛበት...»

«ይተኛል፣ ይተኛል! ሰማሁሽ!» አለና አቋረጣት። «ቆሞ እያየሽው! ጥቂቱ ከጠቀመ፣ ብዙው ምን ሊያደርግ!»

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ኃይለኛ አልነበረም፤ የጦጢትን የማሽላ ማማ እንኳ አልነቀነቀም። ካፊያው ሲያባራ አያ ከርከሮ ከደጁ ወጣና ማሳውን ፈለገው። ማሳው አልነበረም። ያ ሁሉ ጆሮ የሚያልፍ ጤፍ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ መሬት ላይ ተኝቷል።

«ከርከሪት! ልጆች! ድረሱልኝ!»

ስምንቱም ወጡ። አንዱ እንጨት ሲተክል፣ አንዱ በልጥ ሲያስር፣ አንዱ በጀርባው ሲደግፍ አመሹ። አሥር ዘለላ ሲያቆሙ መቶው ይተኛል። ትንሿ ልጅ አንዱን ጤፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ «አባዬ፣ ይሄ እንቅልፋም ነው፤ ስለቀው ይተኛል» አለች። አያ ከርከሮ ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

እመት ከርከሪት አጠገቡ ቆመች። «ናማ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችው። የእሷ ቁራሽ ማሳ ላይ ያለው ጤፍ ከወገብ በታች ነው፤ ዝናቡ አጎንብሶት ነበር፣ አሁን ግን ጠብታውን እያራገፈ ቀና ይላል። ዛላው ከብዶ ወርዷል።

«አንድ እንቅብ ብቻ ነው የሰጠሁት» አለችው። «ያንተ ምን ነካው?»

አያ ከርከሮ ፊቱን አዙሮ ወደ ተኛው ማሳው ተመለሰ።

ኅዳር ገባ፤ መንደሩ በአባ ዔሊ አውድማ ላይ ተሰበሰበ። ሁሉም ነዶውን በገመዷ ልክ አስሮ መጣ። የአያ ከርከሮ ነዶ ከሁሉም ረዥም ነው፤ ሁለት ልጆቹ ጫፍና ጫፉን ይዘው ነው ያመጡት። ከሥሩ ሻግቷል፤ ሻጋታውን ግን በእጁ ሸፍኖታል።

የእመት ጦጢት ነዶ ተወቃ፣ ተበጠረ፤ ሦስት እፍኝ ወጣ። የአያ ሚዳቋ ተወቃ፣ ተበጠረ፤ ሦስት እፍኝ ወጣ። የአያ ጃርት ተወቃ፣ ተበጠረ፤ ሁለት እፍኝ ተኩል ወጣ። የአያ ከርከሮ ነዶ ተወቃ፤ ገለባው አውድማውን ሞላው፤ ልጆቹ «እልል!» አሉ። ወደ ላይ ሲበጠር ነፋሱ ይዞት ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ። መሬት ላይ የቀረው ግማሽ እፍኝ አይሞላም፤ ከእሱም ውስጥ ግማሹ ፍሬ የሌለው እብቅ ነው።

መጀመሪያ ጦጢት ሳቀች። ከዚያ ሚዳቋ። ከዚያ አውድማው በሙሉ። አያ ከርከሮ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ።

«አትሳቁ!» ሲል ጮኸ። «ጥፋቱ የእሷ ነው! የእመት አህዪት ማዳበሪያ ነው የገደለኝ! ደህና ማዳበሪያ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ሦስት እንቅብ በልቶ ይተኛ ነበር?»

ሳቁ ቆመ።

«ስንት አልክ?» አለች እመት አህዪት።

«ሠላ...» አለና አያ ከርከሮ ምላሱን ነከሰ።

«እኔ አሥር ነው የሰጠሁህ» አለች እመት አህዪት።

«ከአሥሩም አንዱን ለእኔ ሰጥቶኛል» አለች እመት ከርከሪት፤ ቀስ ብላ፣ ባሏን እያየች። «በሰርጉ ቀን ነው። እኔ በረት በረት ሸተትከኝ ስልህ!»

«እንቁራሪቷ!» አለ አያ ጃርት። እሾሁ በሙሉ ቆመ። «ያንን ጭቃ ተሸክሜ በትኜው! በዚያ ላይ አመስግኜው!»

አያ ከርከሮ መሸሻ ፈለገ፤ ከኋላው ገለባ፣ ከፊቱ እሾህ ነው። ተንበረከከ። «ሌባው እኔ ነኝ» አለ። «ጃርት ሆይ፣ የዚያን ቀን ሙያህን ንገረኝ ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ረሃቡን ፈርቼ ነው፣ መሬቷንም ተመኝቼ ነው። የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ ልጆቼን ብቻ አትጥሉብኝ።»

አባ ዔሊ አንገታቸውን አወጡ። «ፍርዱ ይቆየን። መጀመሪያ ውርሱን እንጨርስ» አሉ። «ነዶ ያላስወቃ አለ?»

እመት ከርከሪት ከሕዝቡ ጀርባ አንዲት አጭር ነዶ ይዛ መጣች። «የጓሮ ናት፤ ከቁጥር ከገባች» አለች። ተወቃች፣ ተበጠረች። አባ ዔሊ ራሳቸው ሰፈሩ። አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፤ ሰባተኛው እፍኝ ሞልቶ ፈሰሰ። ፍሬው ነጭ፣ ድብልብል ያለ ነው።

«የምንጩ ዳር መሬት የእመት ከርከሪት ነው!» አሉ አባ ዔሊ።

ሰባቱ ልጆች እልልታቸውን አቀለጡት፤ አባታቸውም ሳያስበው አብሮ እልል አለ።

እመት ከርከሪት ግን እጇን አነሳች። «እቀበላለሁ፤ ቃልም አለኝ» አለች። «ከመጀመሪያው ምርት ባሌ ለበደላቸው ሦስት ቤቶች የልጆቻቸውን ቀለብ እሰጣለሁ። ፍግ መሸከም የሚወደው ባሌ ደግሞ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሦስቱም ማሳ ፍግ ይሸከም። ያን ሁሉ ገለባውንም ለመንደሩ ላሞች በረት ይስጥ፤ ፍግ ሆኖ ይመለስልን።»

«ፍርድ ማለት ይሄ ነው» አለች እመት ጦጢት። የአያ ጃርት እሾህም ቀስ እያለ ተኛ።

አያ ከርከሮም በጋውን ሙሉ ተሸከመ። ከበረት ወደ ጉድጓድ፣ ከጉድጓድ ወደ ማሳ፤ ለጦጢት አሥር፣ ለሚዳቋ አሥር፣ ለጃርት አሥር። በእያንዳንዱ ክምር አጠገብ አያ ጃርት ተቀምጦ ይቆጥርበታል፤ ሲደክመው ደግሞ ውሃ ያቀርብለታል። በዓመቱ የመንደሩ ጤፍ ሁሉ ወገብ ደርሶ፣ ዛላው ከብዶ፣ በነፋስ እየተወዛወዘ ቆሞ ታጨደ። ሰባቱ ልጆች ጠዋት ሲነሱ የመጀመሪያ ቃላቸው «እንጫወት!» ሆነ። በምንጩ ዳር መሬት እመት ከርከሪት ትዘራለች፣ አያ ከርከሮ ያርሳል፤ «እዚህ ጋ ትንሽ ፍግ ልጨምር እንዴ?» ሲላት፣ ሰባቱም ልጆች በአንድ ድምፅ «ኧረ አባዬ!» ይሉታል።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው፤ የቀረውን ለሚዘሩትና ለሚያጭዱት ትቼዋለሁ። የዚያ አገር ሰዎች ግን ከዚያ ወዲህ እንዲህ እያሉ ይተርታሉ፦

ልኩን ያለፈ ፍግ ገለባ ያፋፋል፤ ልኩን ያወቀ እጅ ጎተራ ይሞላል።